ከጣርማ በር ወዲያ፦ ሰባት ቀን በመንዝ ጓዳ

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ። ከአዲስ አበባ ወደ ጌራ ምድር

ወደ መንዝ የሚወጣ ሰው ስንቁን ደብረ ብርሃን ላይ ይጨርሳል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ከእሷ ወዲያ የፈለጉትን በፈለጉት ቀን መሸመት ያስቸግራል። ለሚቀበልዎት ቤት ቡና፣ ስኳር፣ ጌሾና በርበሬ ይያዙ። ይህ ለወግ ብቻ አይደለም፤ ቡናውም ጌሾውም በርበሬውም ደጋው ላይ አይበቅልም። ጌሾና በርበሬ ከይፋት ቆላ በአህያ ይወጣሉ፤ መንዝ በምላሹ ገብሱን፣ ባቄላውን፣ በጉንና ከበግ ጸጉር የተሸመነ ብርድ ልብሱን፣ ባናውን፣ ያወርዳል። አንድ ኪሎ ጌሾ ይዞ የመጣ እንግዳ የግማሽ ድግስ ያህል አመጣ ይባላል፤ ለምን እንደሆነ ነገ ጋኑ አጠገብ ሲቆሙ ይገባዎታል።

ጣርማ በር ላይ፣ በጣሊያን ጊዜ ተራራው ተበስቶ ወደ ደብረ ሲና የሚያሳልፈው ዋሻ ሳይደረስ፣ ወደ ግራ የሚገነጠል መንገድ አለ። በመዘዞ በኩል አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ ያመራል። ከዚህ በኋላ ያለው አገር ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የሚጠራው መንዝ ነው። ደጋው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ ጤፍ የለም፣ በቆሎም የለም። «ገብስ የእህል ንጉሥ» የሚለው አባባል እዚህ ሙገሳ ሳይሆን እውነቱን መናገር ነው።

ሳምንቱ የተመረጠው በሐሳብ ነው። ኅዳር 12 ሐሙስ የዋለበት ዓመት ነው፤ ሚካኤል ነው፣ እንግዳውን የሚቀበለው ቤትም የዚህ ወር የሚካኤል ማኅበር ተረኛ ነው። ሦስት ቀን ቆይቶ፣ በ15፣ ጾመ ነቢያት ይገባል። ስለዚህ በአንድ ጓዳ ውስጥ የድግሱ ጠላና ከሱፍና ከባቄላ የሚሠራው የጾሙ ማባያ፣ ስልጆ፣ ጎን ለጎን ይሠራሉ።

ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በ3,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሌሊቱ ደግሞ በኅዳር ውርጭ ይጥላል። የሚፈላው ነገር በቶሎ አይበስልም፤ የሚብላላውም በቶሎ አይብላላም። አዲስ አበባ ላይ ሦስት ቀን የሚባለው እዚህ አምስት ነው። የመንዝ ሴቶች ሙያ ግማሹ ብርዱን ማታለል ነው፤ ከዚህ በታች የተጻፉት ቀናትም ሁሉ የብርድ አገር ቀናት ናቸው።

ኅዳር 8፣ እሑድ። ጋኑ

እሑድ ወፍጮ አይፈጭም፣ ሙቀጫም አይወቀጥም። ቤቱን ለማየት ግን ጥሩ ቀን ነው። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ጣሪያው የጓሳ ሣር ክዳን ነው። ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ ይህን ድህነት አድርጎ የሚያይ ሰው የኅዳርን ሌሊት አያውቀውም። የበሬ ትንፋሽ ቤት ያሞቃል። ምድጃው ከመደቡ አጠገብ ነው፤ ጋኑ ደግሞ በምድጃውና በከብቱ መካከል፣ ከሥሩ ጭድ ተነጥፎለት፣ ወገቡ በአሮጌ ባና ተጠቅልሎ ቆሟል። የቤቱ ሙቅ ቦታ ያ ነው። ለእንግዳ የሚሰጠው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው።

የዛሬው ሥራ ድፍድፉን በውሃ መሙላት ነው። ጠላው የተጀመረው ግን ጥቅምት 22 ነው፣ ለመጠጣት 20 ቀን ሲቀረው። ወደ 50 ሊትር ለሚሆን ጠላ የገባው ይህን ያህል ነው፦ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠልና እንጨት አንድ ኪሎ ተኩል፣ የገብስ ብቅል ሁለት ኪሎ ተኩል፣ የገብስ አሻሮ ዱቄት አሥር ኪሎ፣ ለቂጣ የሚሆን የገብስ ዱቄት ሁለት ኪሎ። እርግጥ የቤቱ እመቤት እምዬ (የልጅ ልጆቿ እንደዚያ ስለሚሏት መንደሩም ይላታል) በኪሎ አትናገርም። በቁናና በእፍኝ ነው የምትለካው፤ ከእፍኟ ወደ ሚዛን የተገለበጠው ለዚህ ጽሑፍ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ተፈግፍጎ ይታጠባል፣ ደርቆ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ለሽታ ብቻ አይደለም፤ በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ የተደበቀውን ያለፈውን ጊዜ ኮምጣጣ የሚገድለው እሱ ነው። ሳይታጠን የተጠነሰሰ ጠላ በአራተኛው ቀን ሆምጣጤ ይሸታል፣ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ጌሾው በለብታ ውሃ አምስት ቀን ይቆያል፤ ጥንስሱ ይህ ነው። ከዚያ ብቅሉና፣ ወፍራም ተጋግሮ መሐሉ ሳይደርቅ የተቆራረሰው ቂጣ ይገባሉ፣ አራት ቀን። ቀጥሎ አሻሮው፣ ማለትም ቡናማ እስኪሆን ተቆልቶ የተፈጨው ገብስ፣ በትንሽ ውሃ ርሶ ይጨመራል፤ ድፍድፍ ይሆንና ሰባት ቀን ይተኛል። በመጨረሻ ውሃው ተሞልቶ አፉ ይመረጋል።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው አሻሮው ላይ ነው። ብርዱ ያስቸኩላል፣ እሳቱ ይበዛል፣ ገብሱ ከላይ ይጠቁርና ውስጡ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለው ጠላ ምሬቱ ከጌሾው ይሁን ከቃጠሎው አይለይም። ጥሩ አሻሮ በጥርስ ሲሰበር መሐሉም ቡናማ ነው። ሁለተኛው ስሕተት ብቅሉ ላይ ነው። ገብሱ ሁለት ሌሊት ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ፣ በጆንያ ተሸፍኖ ይበቅላል። ቆላ ሦስት ቀን ይበቃዋል፣ እዚህ ሰባት ነው። ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ይረጭለታል፤ ቀዝቃዛ ከተረጨ ባለበት ይቆማል። ቡቃያው የፍሬውን ርዝመት ሲያክል ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ካለፈ ጣፋጩን ራሱ በልቶ ይጨርሰዋል። ከሻገተ ደግሞ ለዶሮ ነው፤ «ትንሽ ነው፣ ይለፍ» የሚባል ሻጋታ የለም።

በዚህ ቤት ሴት ልጅ መጀመሪያ የምትሾመው በብቅሉ ላይ ነው፣ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላት። እሳት የለበትም፣ ስለት የለበትም፣ ግን በየቀኑ መታየት አለበት። ጥንስስ የሚሰጣት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ድፍድፍ ደግሞ፣ እምዬ እንደምትለው፣ «ጆሮ ሲኖራት»። ድፍድፍ በጆሮ ነው የሚታወቀው። ጋኑ ላይ ጆሮ ተለጥፎ የሚሰማው ድምፅ እንደ ዝናብ ጠብታ ፈጠን ፈጠን ሲል ሥራ ላይ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ እፍ ሲል ውሃ ይፈልጋል። ዛሬ ጠዋት እፍ ብሏል። የተጨመረው ውሃ ወደ 45 ሊትር ነው፤ ፈልቶ እጅ እስከሚያስገባ የቀዘቀዘ። አፉ በሰፌድ ተከደነ፣ ዙሪያው በጭቃና በእበት ተመረገ። እስከ ረቡዕ ማታ ማንም አይከፍተውም። መቅመስ የሚወድ አባወራ ያለበት ቤት ጠላው ይኮመጥጣል ይባላል፤ ቀልድ ይመስላል እንጂ እውነት ነው፤ ባፉ በኩል አየር በገባ ቁጥር ወደ ሆምጣጤ አንድ እርምጃ ነው።

ኅዳር 9፣ ሰኞ። ወፍጮና በሶ

በመሐል ሜዳ የሞተር ወፍጮ አለ፤ የእንጀራና የዳቦ ዱቄት ወደዚያ ይሄዳል። የበሶ እህል ግን ቤት ውስጥ ይፈጫል። ሞተሩ ያግላል፤ የጋለ የበሶ ዱቄት ደግሞ ሽታው ይሄዳል። ለአምስት ኪሎ ሲባልም ተራ አይጠበቅም።

ወፍጮው ከወለሉ ከፍ ባለ የጭቃ መደብ ላይ ወደ ፊት ዘመም ብሎ ተቀብሯል። ዘመሙ ከበዛ ፍሬው ሳይደቅ ይንሸራተታል፤ ካነሰ ዱቄቱ መጁ ሥር ይከማችና ወገብ ይሰብራል። የሚለካው በውሃ ነው፤ በእፍኝ ሲፈስበት ሳይቆም ግን ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ድንጋዩ ሲለሰልስ በብረት መውቀሪያ ይወቀራል። ከተወቀረ በኋላ የመጀመሪያው ዱቄት አሸዋ አለበት፤ ስለዚህ ሁለት እፍኝ ዕብቅ ይፈጭበትና ይጣላል። ይህን የዘለለች ምራት እስከ ፋሲካ ስሟ በበጎ አይነሣም ይባላል፤ በበሶ ውስጥ ጠጠር የነከሰ አማት ጥርሷን አትረሳውምና።

ለበሶና ለቆሎ የሚመረጠው ሰነፍ ገብስ ነው። ስሙ ስድብ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ቅርፊቱ ከፍሬው ጋር ልል ስለሆነ ለመፈተግ ሰነፍም አያቅተውም ማለት ነው። ሌላው ገብስ ላይ ቅርፊቱ ተጣብቆ የፈታጊዋን ክንድ ይጨርሳል።

አምስት ኪሎ ገብስ ተለቅሞ በግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ይርከፈከፋል፣ ተሸፍኖም ሩብ ሰዓት ይቆያል። ዓላማው ቅርፊቱን ማርጠብ እንጂ ፍሬውን ማራስ አይደለም፤ ፍሬው ከራሰ ሙቀጫ ውስጥ ይፈጠፈጣል። ተፈትጎ፣ በሰፌድ ተነፍሶ፣ ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን ይደርቃል። ከዚያ ምጣድ ላይ በትንሽ በትንሹ፣ አንዴ ከሁለት እፍኝ ሳይበልጥ፣ ይቆላል። ምጣዱ ሲሞላ ከታች ያለው ይቃጠላል፣ ከላይ ያለው ይታመሳል። ለቆሎ ሲሆን ወርቅማ ሲመስል ይወጣል፤ ለበሶ አንድ እርምጃ ጠቆር ይላል። ቀዝቅዞ ይፈጫል፣ በወንፊት ይነፋል። ከአምስት ኪሎ ገብስ ሦስት ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ዱቄት ይገኛል፤ ቀሪው ቅርፊትና ዕብቅ ነው፣ የላም ድርሻ።

ለአንድ ሰው፦ 200 ግራም የበሶ ዱቄት፣ ቁንጥር ጨው፣ ከወደዱ የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ ግማሽ ብርጭቆ የማይሞላ ቀዝቃዛ ውሃ። ውሃው በአንዴ አይፈስም። ዱቄቱ መጀመሪያ እንደ ፍርፋሪ ይሆናል፣ ሲታሽ ይያያዛል፣ በጭብጥ ሲጨበጥ የጣት ምልክት ይዞ ይቀራል፤ በቃ። ከዚያ በላይ ከረጠበ ጥርስ ላይ ይለጠፋል። በፍስክ ቀን ሁለት ማንኪያ የቀለጠ ንጥር ቅቤ፣ በጾም ቀን የኑግ ዘይት ይገባል። ለመንገድ ሲሆን ዱቄቱ ብቻውን በስልቻ ይያዛል፤ ቅቤው እዚያው ሲበሉ ነው። ቅቤ ገብቶበት የተቀመጠ በሶ በሳምንቱ ይሻክራል፣ ጉሮሮ ይከረክራል።

ከሰዓት በኋላ የተሠራው ኩበት ነው። እበቱ ከጭድ ጋር ይታሻል፣ በእጅ ጠፍጠፍ ተደርጎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ዛፍ በሌለበት አገር ማገዶው ይህ ነው፤ ባሕር ዛፍ ካለም ለሽያጭ ነው። የኩበት እሳት ነበልባሉ ትንሽ ነው፣ ሙቀቱ ግን እኩልና ረጅም ነው፤ የመንዝ ምግብ ሁሉ ለእሱ የተሠራ ይመስላል። እርጥብ ኩበት ግን ዓይን ያጠፋል። ከክረምት የተረፈ፣ ውስጡ ያልደረቀ ኩበት ሲሰበር አረንጓዴ ይሆናል፤ እሱ ወደ ውጭ ይመለሳል።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ። አውድማ፣ ገንፎ

የመኸሩ ገብስ አውድማ ላይ ነው። መሬቱ በእበት ተለቅልቆ ደርቋል፤ ያለዚያ እህሉ ከአፈር ጋር ይቀላቀላል፣ ጠጠሩም እስከ ቆሎው ድረስ ይከተላል። በሬዎቹ ዙሪያውን ይሄዳሉ፣ የነጂው እንጉርጉሮ አይቋረጥም። ድምፁ ከተቋረጠ በሬዎቹ ይቆማሉ፤ ዘፈኑ ለእነሱ እንጂ ለእንግዳ አይደለም። ወደ አውድማ የደረሰ ሰው «በረከት ያድርግላችሁ!» ይላል፣ «አሜን፣ ይግቡ!» ይባላል። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ሲነሣ በመንሽ ወደ ላይ ይበተናል፤ ገለባው ይሄዳል፣ ፍሬው ይቀራል። በሥራው ላይ ያሉት ጎረቤቶች በደቦ የመጡ ናቸው። ገንዘብ አይከፈላቸውም፤ መብል ግን ካነሰ የሚመጣው ዓመት ደቦ ይቀጥናል።

ለደቦው ገንፎ ተገነፋ። ለአሥር ሰው አራት ሊትር ውሃ፣ ሁለት ኪሎ ተኩል የተፈተገ የገብስ ዱቄት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው። ዱቄቱ ከመገንፋቱ በፊት ምጣድ ላይ ጥቂት ይታመሳል። ውሃው ሲፈላ ከአራቱ ሊትር አንዱ ወደ ሌላ ዕቃ ይቀዳል፣ ዱቄቱ በቀረው ላይ ግማሹ ይነሰነሳል፣ ይማሰላል፣ ሌላው ግማሽ ይከተላል። የተቀዳው የፈላ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ የሚመለሰው ሲጠነክር ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ከተጨመረ ጓል ይሠራል፤ ጓሉ ውስጡ ጥሬ ዱቄት ነው፣ ሆድ ይነፋል። ቆላ 20 ደቂቃ የሚበቃው ማማሰል እዚህ 35 ደቂቃ ይፈጃል፤ ምክንያቱ የውሃው መፍያ ነው። ማማሰያውን ያዝ አድርጎ የሚተካካው ሰው ሁለት ነው፤ አንድ ክንድ አይችለውም። ሲበቃ ከድስቱ ጎን ተላቆ አንድ ላይ ይዞራል። ገበታ ላይ ተገልብጦ መሐሉ ይጎደጎዳል፣ ንጥር ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል። ከዳር ወደ መሐል ነው የሚበላው፤ ጉድጓዱን ቀድሞ የናደ ሰው ሳቅ ይገባዋል።

ማታ እሳት ዳር እንዝርት ይሽከረከራል። የመንዝ በግ ላቱ ሰፊ፣ ጸጉሩ ሻካራ ነው። ጸጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ በጣት ይፍታታል፣ በደጋን ይነደፋል። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ሰድደው ይሸምናሉ። ያልታጠበ ጸጉር ቅባቱ ክሩን ያሳብጠዋል፤ በጣም የታጠበ ደግሞ ይበጣጠሳል፤ መካከሉ እጅ ላይ ትንሽ ወዝ ሲቀር ነው። ባና ከሽመና ሲወጣ ወንፊት ነው። በሙቅ ውሃ ርሶ ለረጅም ጊዜ በእግር ሲረገጥ ክሩ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ይጠባል፣ ነፋስ የማያስገባ ይሆናል። ስለዚህ ሸማኔው መጀመሪያ ከሚፈለገው አስፍቶና አስረዝሞ ነው የሚሸምነው። ቀለም አይነከርም፤ ጥቁሩም ቡኒውም ነጩም የበጉ የራሱ ነው።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ። ስልጆ፣ ሊጥ፣ ማጥለል

ጾም ቀን ነው፤ ቤቱ ግን ከሁሉም ቀን የበለጠ ሥራ የበዛበት ነው። ሦስት ነገር በአንድ ምድጃ።

ስልጆ ለ15 ይደርሳል ተብሎ ዛሬ ይጀመራል። ግማሽ ኪሎ ሱፍ ለቅሞ፣ በፈላ ውሃ አሥር ደቂቃ ቀቅሎ፣ አጠንፍፎ መውቀጥ። የተወቀጠው በሦስት ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየታሸ ይጠለላል፤ የሚወጣው ነጭ ወተት ነው። ቅርፊቱ ጨርቅ ላይ ይቀራል። ወተቱ ምድጃ ላይ ይጣዳል። ሲፈላ፣ ተቆልቶ ተከክቶ የተፈጨ የባቄላ ዱቄት 600 ግራም ያህል፣ በአንድ እጅ እየተነሰነሰ በሌላው እየተማሰለ ይገባል። ባቄላው ሳይቆላ ከተፈጨ ስልጆው እስከ መጨረሻው ጥሬ ጥሬ ይላል፤ የትኛውም ቅመም አይሸፍነውም። ማማሰሉ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ የሱፉ ወተት ከድስቱ ሥር ቶሎ ይይዛል፣ አንዴ ካረረ ሽታው ሁሉን ይዞ ይሄዳል። ያረረ ሲመስል ሥሩን መፋቅ ስሕተት ነው። ሳይፋቅ ወደ ሌላ ድስት መገልበጥ ነው የሚያድነው።

ወፍራም ሆኖ ሲወርድ ይቀዘቅዛል፣ ጣት ሲገባ ምንም እስከማይሰማ። እዚህ ላይ ነው የችኩል ስልጆ የሚበላሸው። ሰናፍጩ አራት የሾርባ ማንኪያ ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውሃ ተለውሶ ሩብ ሰዓት ቆይቷል፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ኃይሉ የሚወጣው በቀዝቃዛ ውሃ ነው። በሙቅ ላይ ከገባ ይሞታል፤ የሚቀረው ምሬቱ ብቻ ነው። ሰናፍጩ ደግሞ ለጣዕም ብቻ አይደለም የገባው፤ ስልጆው እንዳይሻግት የሚጠብቀው እሱ ነው። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል ተወቅጠው፣ ጨው፣ ሁለት ዘለላ ጤና አዳም። ከጎረቤት ያለፈ ስልጆ ካለ አንድ ጭልፋ እርሾ ይሆናል። በታጠነ ትንሽ እንስራ ይገባና አፉ በጨርቅ ታስሮ፣ ከጋኑ አጠገብ ይቀመጣል። በቀን አንድ ጊዜ በደረቅ ማንኪያ ይማሰላል። እርጥብ ማንኪያ የነካው ስልጆ በሦስተኛው ቀን ላዩ ነጭ ያበቅላል። ሙሉ ባቄላ መቀቀል በዚህ ከፍታ ብዙ ኩበት ይበላል፤ የመንዝ የጾም ገበታ በዱቄት መሞላቱ፣ ሽሮውም ስልጆውም፣ ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

የዳቦው ሊጥ ጠዋት ተቦክቷል። ገብስ ብቻውን አይነፋም፣ ሲጋገር ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ለማኅበር ዳቦ ሦስት እጅ ገብስ፣ ሁለት እጅ ስንዴ ነው። ለስምንት ኪሎ ዱቄት አምስት ሊትር ተኩል ለብ ያለ ውሃ፣ ግማሽ ሊትር እርሾ፣ ጨውና ጥቁር አዝሙድ። ቡሃቃው በባና ተጠቅልሎ መደብ ላይ ተቀምጧል። አዲስ አበባ ማታ ቢቦካ ጠዋት ይደርሳል፤ እዚህ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ይፈጃል። ጣት ሲነከር ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከሞላ ደርሷል፤ ባለበት ከቀረ አልፎበታል፣ ይኮመጥጣል።

ሲመሽ ጋኑ ተከፈተ። እምዬ የቀዳችውን ለእሳት ብርሃን አሳይታ አየችው፣ አሸተተችው፣ አልቀመሰችውም። በጨርቅ እየተጠለለ ወደ እንስራ ገባ። ጋኑ ውስጥ የቀረው አተላ ላይ ጥቂት ውሃ ተጨመረበት፤ እሱ ቅራሪ ነው፣ የልጆችና የሥራ ቀን መጠጥ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ። ሚካኤል

ዳቦው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተጋገረ። ምጣዱ ከታች በኩበት ይግላል፤ ኮባ እዚህ ስለማይገኝ ሊጡ ያለ ቅጠል፣ በዱቄት በተነሰነሰ ምጣድ ላይ ይፈስሳል። ከላይ ሌላ ምጣድ ተደፍቶ በላዩ የተቀጣጠለ ኩበት ይደረደራል። ከታች ያለው እሳት ከላዩ ያነሰ መሆን አለበት፤ ብዙ ጀማሪ ተቃራኒውን ያደርግና ሥሩ ከሰል፣ ላዩ ሊጥ የሆነ ዳቦ ያወጣል። ለአንድ ትልቅ ድፎ አንድ ሰዓት ከሩብ። በጣት ሲመታ ባዶ ዕቃ ሲመስል ወጥቷል።

በከተሞች ኅዳር 12 ጠዋት ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘው ልማድ ነው። በቤቱ ደጃፍም ጥቂት ገለባ ጨሰ፤ ዋናው ነገር ግን ከቅዳሴ በኋላ ነው።

ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ናቸው። አመራሩን የያዘው ሰው ሙሴ ይባላል፤ ማን እንደቀረ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደዘገየ የሚያውቀው እሱ ነው። ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ባርኮ ይቆርሳል፣ ጽዋው በተራ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ነው በግ ወጡ የሚቀርበው። የወጡ ሽንኩርት ያለ ዘይት ነው የሚቁላላው፣ ከአርባ ደቂቃ በላይ፤ ሥጋው ደግሞ ከአጥንት እስኪላቀቅ ሁለት ሰዓት ተኩል። ጠላው ላይ የተሰጠው ፍርድ አጭር ነበር፤ «ጠርቷል»። ከዚህ በላይ ማሞገስ እዚህ የተለመደ አይደለም። በስተመጨረሻ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን ተረክቦ በዝማሬ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። የተረኛው ቤት ጥንስስም በዚህ ሳምንት ይጀመራል፤ ለታኅሣሥ 12 ከ20 ቀን በላይ ያስፈልጋል፣ ብርዱ ከአሁኑ ይብሳልና።

ኅዳር 13፣ ዓርብ። በጓሳ በኩል መመለስ

መመለሻው በጓሳ ሜዳ ነው። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፣ ጅብራው እዚህም እዚያም ቆሟል፣ ጭላዳው መንጋ ሆኖ ሥር ይቆፍራል፤ የታደለ ሰው ቀይ ቀበሮ ያያል። ለቤቱ ግን ጓሳ ማለት ክዳን፣ ገመድ፣ መጥረጊያ፣ ለእረኛ የዝናብ ገሳ ነው። ሜዳው ለዘመናት የተጠበቀው «ቄሮ» በሚባል የአካባቢው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ነበር፤ የሁለቱ አቅኚ አባቶች፣ የአስቦና የጌራ፣ ዘሮች በየአጥቢያቸው ተደራጅተው ሣሩ እስኪያገግም ለዓመታት ዘግተው፣ በተፈቀደ ጊዜ ብቻ ያጭዱት ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ኋላ ላይ ሕዝቡ ራሱ በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። አጨዳው በማጭድ ነው፤ ሥሩ ከተነቀለ ቦታው ይራቆታል፣ ጦስኝና ነጭሎ ብቻ ይወርሰዋል። ጦስኙ ራሱ ግን አይናቅም፦ አንድ ቁንጥር ደረቅ ጦስኝ በፈላ ውሃ አምስት ደቂቃ ተከድኖ ሲቆይ ለዚህ ብርድ ከሻይ ቅጠል ይሻላል። ከምድጃው ላይ ተጥዶ ከቆየ ይመራል።

ከቤቱ ሲወጣ ሁለት ነገር ተሰጠ። አንደኛው ሁለት ኪሎ የበሶ ዱቄት በጨርቅ ስልቻ ነው። ሁለተኛው ከጋኑ ሥር የተቀዳ የጠላ ዝቃጭ፣ በትንሽ ቅል፣ ለሌላ ቤት ጥንስስ መጀመሪያ። እምዬ ቅሉን ስትሰጥ ማስጠንቀቂያዋ ስለ ሙቀቱ ነበር፦ «አዲስ አበባ ላይ ቀኑን በግማሽ ቀንሱት። እንደኛ ሰባት ቀን ካስተኛችሁት ሆምጣጤ ነው የምትጠጡት። አፉንም አትከርችሙት፣ መንገድ ላይ ይፈነዳል።» ቅሉ አፉ በኮባ ሳይሆን በጨርቅ ብቻ ታስሮ፣ ጣርማ በር ሲደረስ አረፋው ጨርቁን አርሶት ነበር። ስልጆው ከጋኑ አጠገብ እንደታሰረ ቀርቷል፤ እስከ እሑድ አይበላም።